የወጌሻው ግማሽ ኪኒኖች

የሩጫ ክለቡ ወጌሻ ቦርሳውን ሲከፍት ያየ ሰው የፋርማሲ መደርደሪያ የተከፈተ ይመስለዋል። ፋሻው እንደ ስፋቱ፣ ቅባቱ እንደ ጥንካሬው ተራውን ይዞ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ የያዘው ነገር፣ የተገዛበት ቀንና የከፈተው ሰው ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። የከፈተው ሰው ሁልጊዜ እሱው ራሱ ነው፤ ቢሆንም ይጽፈዋል።

ሰውየው ሙያውን የጀመረው ሜዳ ላይ አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ የተሰበረ እጅና እግር በጀሶ ሲያስር ስምንት ዓመት ኖሯል። ጀሶ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ውሃው ትንሽ ከበዛ ይሟሽሻል፣ ትንሽ ካነሰ እጅ ላይ ይደርቃል። ከዚያ የወጣ ሰው ሁሉን ነገር እየለካ ቢኖር አይገርምም። ክለቡ ሲቀጥረው አሰልጣኙ "እጅህ ጥሩ ነው ብለውኛል፤ ጸባይህስ?" ሲለው፣ "ጸባዬም እንደ እጄ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚጫነው" ብሎ መለሰ።

ይኸው አስራ ስድስት ዓመት ሆነው። ማለዳ ከልምምድ በኋላ አስር ሯጮች በየተራ ጠረጴዛው ላይ ይተኛሉ። ዓይኑን ሸፍነው ባት ቢያስነኩት የማን እንደሆነ ይናገራል ይባላል። አንድ ቀን እውነትም በፎጣ አስረው ፈትነውት አስሩንም አንድ በአንድ አወቀ። አስራ አንደኛው ላይ ግን ቆም አለና "ይሄኛው ልምምድ ካቆመ ቆይቷል" አለ። የአሰልጣኙ ባት ነበር።

በዓለም ላይ የሚፈራው አንድ ወረቀት ነው፤ የተከለከሉ መድኃኒቶች ዝርዝር። በየዓመቱ አዲሱ ሲወጣ አትሞ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ አሮጌውን አራት ቦታ ቀዶ ይጥላል። ሯጮቹ አበረታች ቅመም የሚባለውን ነገር እንኳን ሊወስዱ ለጉንፋን የሚሆን ሽሮፕ እንኳ ሳያስነብቡት አይቀምሱም። አንዴ ከአንዱ ሯጭ አፍ የሳል ከረሜላ በጣቱ አውጥቶ፣ "መጠቅለያው የታለ? ሳላነበው አትመጠውም" ብሏል። ልጁ እስከ ዛሬ ሲያስነጥስ ዞር ብሎ ያየዋል።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት አሰልጣኙ ደብዳቤ ይዞ ወደ መታሻ ክፍሉ ሲገባ፣ ወጌሻው ክፉ ነገር አልጠረጠረም። የአንዷን ሯጭ ቁርጭምጭሚት እያሰረ ነበር። አሰልጣኙ ልጅቷን በዓይኑ አስወጥቶ በሩን ዘጋ።

"ጠጠር ናት" አለ።

"ጠጠር ምን ሆነች?"

"ተገኘባት።"

ወጌሻው ፋሻውን እንደያዘ ቀረ። ጠጠር የክለቡ ምርጥ ሯጭ ናት። አጭርና ድርቅ ያለች የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ስትሆን፣ ስሙን ያወጣላት አሰልጣኙ ነው፤ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ተፎካካሪዎቿን እስከ መጨረሻው እረፍት ስለምትነሳ። ከአምስት ሳምንት በፊት የጎዳና ውድድር ላይ ሁለተኛ ወጥታ ነበር። በወሩ መጨረሻ ለትልቁ ውድድር የሚሄዱት ይመረጣሉ፤ እሷ እንደምትመረጥ ማንም አልተጠራጠረም። ደብዳቤው የሚለው ግን ያን ቀን በሰጠችው ናሙና ውስጥ የተከለከለ ነገር ስለተገኘ ከዛሬ ጀምሮ ታግዳለች፣ ማስረዳት ካልቻለች ቅጣቱ እስከ አራት ዓመት ይደርሳል ነው። አራት ዓመት ሲጨመር ሰላሳ አንድ። ሰላሳ አንድ ዓመቷ ላይ እንደገና ጀምሪ የሚላት ክለብ እንደሌለ ወጌሻውም አሰልጣኙም ያውቃሉ። እሷም ከሩጫ ሌላ የተማረችው ሙያ የለም።

የመድኃኒቱ ስም አንድ መስመር ሙሉ ይዟል። ወጌሻው ሁለቴ አነበበው፣ ግድግዳው ላይ ካለው ዝርዝር ጋር አስተያየው። ስሙ አለ። በጣቱ ወደ ጎን ሄዶ ምድቡን ሲያይ ግን ጭራሽ ዞረበት።

"ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ነው እኮ" አለ።

"እኔም እሱ ነው ያልገባኝ" አለ አሰልጣኙ።

ጠጠር ስትጠራ የላብ ልብሷን ሳትቀይር መጣች። ሰምታ ስትጨርስ መጀመሪያ ሳቀች።

"ሽንት የሚያበዛ? እኔ? ናሙና ስጪ ባሉኝ ቀን አምስት ጠርሙስ ውሃ ጠጥቼ ሁለት ሰዓት እምቢ ያለኝ እኔ? ተቆጣጣሪዋ እኮ 'እህቴ፣ ልጆቼ ይጠብቁኛል' ብላ ለመነችኝ።"

"ሌላ መድኃኒት የወሰደ ሰው ቶሎ አጥቦ ለማስወጣት ይወስደዋል ነው የሚሉት" አለ አሰልጣኙ። "መደበቂያ ነው።"

"ምኑን ነው የደበቅኩት?"

"እሱን አንቺ ንገሪን ይሉሻል።"

ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ወደ ወጌሻው ዞረች። "ጋሼ፣ አንተ የማታውቀው ነገር አፌ ገብቶ ያውቃል?"

ወጌሻው "አያውቅም" ሊል አፉን ከፈተና ቃሉ አልወጣ አለው። አያውቅም ካለ፣ እሱ ያወቀው ነገር ነው የገባው ማለት ነው። ያውቃል ካለ ደግሞ ሸጣት። "እስቲ መዝገቤን ልየው" አለ።

ሶስት ቀን መዝገቡን አገላበጠ። ማን፣ መቼ፣ ምን፣ ስንት፤ ሁሉም አለ። በውድድሩ ሰሞን ለአስሩም ሯጮች የሰጠው ማግኒዚየም ብቻ ነው፤ ለጡንቻ ድካም የሚሆን የተፈቀደ ኪኒን፣ የእሽግ ቁጥሩ ሁሉ ተመዝግቧል። አዲሱ እሽግ ከወትሮው ተለቅ ያለ ስለነበር ለሁለት እየቆረጠ ነው የሰጠው። "ግማሽ፣ ጠዋት" ይላል መዝገቡ። ከዚያ ውጭ ምንም የለም። ወይ ጠጠር ከእሱ ተደብቃ ወስዳለች፣ ወይ ላቦራቶሪው ተሳስቷል፣ ወይ እሱ ጅል ነው። ሶስቱንም በየተራ አመነባቸው። ጠዋት አንዱን አምኖ ይወጣና ምሳ ሰዓት ላይ ሌላውን ይዞ ይመለሳል።

እሁድ እንደ ልማዱ እናቱ ቤት ሄደ። እናቱ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ብቻቸውን መኖራቸውንም ይወዱታል። ጣታቸው ስለሚንቀጠቀጥ የደም ግፊት ኪኒናቸውን እሱ ነው የሚቆርጥላቸው። ሐኪም ከሶስት ወር በፊት ግማሽ አድርጎባቸዋል። ኪኒኑ ከፋርማሲ የሚመጣው በትንሽ የወረቀት ፖስታ ነው፤ ላዩ ላይ "ግማሽ፣ ጠዋት" ከሚል በቀር ስም የለውም። ወጌሻው በየሳምንቱ ሰባት ግማሽ ቆርጦ በየቀኑ ሳጥን ውስጥ ይጨምርላቸዋል።

ከኪሱ የኪኒን መቁረጫውን አወጣ። ክዳኑ ላይ ምላጭ፣ ስሩ ኪኒኑ የሚቀመጥበት ቦይ ያለው፣ ክብሪት ሳጥን የሚያክል ፕላስቲክ ነው።

"ፊትህ ምን ሆነ?" አሉ እናቱ።

"ምንም አልሆነ እማዬ።"

"ምንም ያልሆነ ሰው የሻዩን ስኳር ሳያማስል አይጠጣም።"

ነገራቸው፤ ስም ሳይጠራ፣ አንዲት ልጅ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ተገኘባት ብሎ ብቻ።

"ታዲያ ይሄ ወንጀል ከሆነ እኔንም ያስሩኛላ" አሉ። "ይቺ የምትቆርጥልኝ ኪኒን እኮ ሌላ ስራ የላትም። ከዋጥኳት እስከ ምሳ ሰዓት መኖሪያዬ ሽንት ቤት ነው። ሐኪሙን ብጠይቀው 'እሷ ግፊትዎን የምታወርደው እንዲሁ ነው' አለኝ።"

ወጌሻው ምላጩን ሊጫን ክዳኑ ላይ ያደረገውን አውራ ጣት አነሳ። መቁረጫውን አየ። ይህን መቁረጫ የገዛው ለእናቱ ነው። ክለቡ ትልልቁን ማግኒዚየም ሲያመጣ ግን፣ "ዕቃው እጄ ላይ ካለ" ብሎ እሁድ እሁድ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ የእናቱን ሰባት ኪኒን ከቆረጠ በኋላ የክለቡን ማግኒዚየም ይቆርጥበት ነበር። በዚሁ ምላጭ፣ በዚሁ ቦይ። ከወንበሩ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ።

"ሽንት ቤቱ ክፍት ነው" አሉ እናቱ።

ሰኞ ፋርማሲው ሲከፈት በር ላይ ቆሞ ነበር። ፋርማሲስቷ ኪኒኑንና ደብዳቤው ላይ ያለውን ረጅም ስም አየች። "አዎ፣ እሱው ነው" አለች፤ "ለማን ነበር?" ወጌሻው መልስ ሳይሰጥ ወጣ። ከዚያ ተመልሶ ገብቶ አመሰገናት።

እንዲህ ያለ ደስታ ከዚህ በፊት ገጥሞት አያውቅም። ጥፋተኛው እሱ ሆኖ ተገኘ፤ ያም ሆኖ እየሮጠ ነው ወደ ክለቡ የሄደው። ጠጠር ነጻ ናት። አልደበቀችውም፣ አልዋሸችውም። ምላጩ ነው። አሰልጣኙ ቢሮ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮት ነበር፤ በቆመበት ተረከ።

አሰልጣኙ እስከ መጨረሻው አዳመጠው። "የዚያን ቀን ናሙና የሰጠችው ጠጠር ብቻ ናት?" አለው።

"አይ። አራት ነበሩ።"

"አራቱም ያንተን ግማሽ ኪኒን ወስደዋል?"

"ወስደዋል።"

"ሶስቱ ንጹህ ናቸው። ምላጭህ ሰው ይመርጣል?"

ወጌሻው ደስታው ከየት እንደመጣ እንኳ ጠፋበት። አሰልጣኙ ቀጠለ። "ስማኝ ወንድሜ። ይሄን ብታወራ ነገ አስሩንም ይጠረጥሯቸዋል። አንተንም ይቀጡሃል። ከዚያም በላይ ደግሞ ላያምኑህ ይችላሉ።"

"ካመኑኝስ?"

አሰልጣኙ ጉንጩን እየነካካ አሰበ። "ካመኑህ ትድናለች" አለ በመጨረሻ። "ሂድና ለእሷ ንገራት። እሷ እሺ ካለች እንሞክረዋለን።"

ጠጠር የምትኖረው ክለቡ በሰጣት ክፍል ነው። ታግዳ ስለነበር ከሌሎቹ ጋር መሮጥ አይፈቀድላትም፤ ብቻዋን ስትሮጥ ቆይታ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እየፈታች አገኛት። ነገራት። የምትጮህበት መስሎት ነበር። እሷ ግን የጫማ ክሩን ፈትታ ጨረሰች።

"ጋሼ፣ እንዳትቆጣኝ።"

"እኔ ነኝ እኮ መቆጣት የሌለብኝ።"

"ኪኒኖቹን አልዋጥኳቸውም።"

"የትኞቹን?"

"ግማሾቹን። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ሆዴን ስላቃጠለኝ ማጠቢያው ውስጥ እየጣልኩ ነበር። ስትለፋባቸው ስለማይ ልነግርህ አፈርኩ።"

ወጌሻው ከጎኗ ተቀመጠ። የቆመ ሰው የሚችለው ነገር አልነበረም። ካልዋጠች ምላጩ ምንም አላደረጋትም። ምላጩ ካላደረጋት ታዲያ ማን አደረጋት? ግን ደግሞ፣ መድኃኒቱን ደብቃ የወሰደች ሰው ብትሆን ኖሮ የተዘረጋላትን ገመድ በሁለት እጇ ይዛ "አዎ፣ ዋጥኩ" ትል ነበር። አልዋጥኩም ማለቷ ንጹህ መሆኗን ያሳያል። ንጹህ መሆኗ ደግሞ ማስረጃዋን ወሰደባት። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ አይቶ አያውቅም፤ ወደ ቀኝ ሲያስሩት በግራ የሚላቀቅ ስብራት ሆነበት።

"ዋጥኩ ብትይ..." ብሎ ጀመረ።

"አልዋጥኩማ።"

"አውቃለሁ። ዝም ብዬ ነው።"

"ብል ያምኑኛል?"

"እኔን ካመኑኝ።"

"ከዚያ ሌላ ጊዜ እውነት ስናገር በምን ይለዩታል?" አለች። የፈታችውን ጫማ መልሳ አሰረችና ሌላ ዙር ልትሮጥ ወጣች። ባቷን ትንሽ ሳብ እያደረገች ነበር የምትሄደው። ወጌሻው ለማየት ተነሳና፣ የታገደች ሯጭ ማሸት ይፈቀዳል አይፈቀድ ስላላወቀ ተመልሶ ተቀመጠ።

ጉዳዩን የሚሰማው ጉባኤ ሶስት ሰዎች ነበሩት፤ አንዲት ሰብሳቢ፣ አንድ ሐኪምና የሚጽፍ ጸሐፊ። ክፍሉ መስኮቱ የማይከፈት፣ ወንበሩ የሚንጫጫ ነው። ወጌሻው በምስክርነት ተጠርቷል። አሰልጣኙ ደጅ ላይ ክንዱን ይዞ "የተጠየቅከውን ብቻ" ብሎት ነበር። ወጌሻው ግን ከነመዝገቡ፣ ከነመቁረጫው ገብቶ ሁሉንም እንደሆነ ተናገረ። ምላጩን ተናገረ። ጠጠር አለመዋጧን ተናገረች። ሰብሳቢዋ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተች።

"ስለዚህ የሚነግሩን" አለች፣ "መድኃኒቱ ሊገባ የሚችልበትን መንገድና፣ በዚያ መንገድ እንዳልገባ ነው።"

"አዎ" አለ ወጌሻው። "እኛም ግራ ገብቶናል።"

ጸሐፊው ይህን ልጻፍ አልጻፍ ብሎ ሰብሳቢዋን አየ። ጻፍ አለችው።

ሐኪሙ እስካሁን አልተናገረም ነበር። መዝገቡን ወደ ራሱ ስቦ ቅጠሉን ገለበጠ። "ንጹህ መዝገብ ነው" አለ። "መዝገቡን ይተዉትና በአፍዎ ይንገሩኝ። በውድድሩ ሳምንት ከእርስዎ እጅ ወደ አፏ የገባውን ሁሉ። ኪኒን ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም።"

"ውሃ" አለ ወጌሻው። "ረጅም ሲሮጡ ስኳርና ጨው የገባበት ውሃ። ሙዝ፤ ግን ሙዙን ራሷ ነው የምትልጠው። ባቷን ሲይዛት ደግሞ ፍርፋሪ።"

"ምን ፍርፋሪ?"

"የማግኒዚየም ፍርፋሪ። ኪኒን ሲቆረጥ የሚሰባበር አለ አይደል? ዱቄት ሆኖ ቦዩ ውስጥ የሚቀረው። መጣል አልወድም። በብልቃጥ አጠራቅመዋለሁ። ባት የያዘው ሯጭ ሲኖር አንድ ማንኪያ በውሃ በጥብጬ እሰጠዋለሁ።"

"በዚያ ሳምንት ባቱን የያዘው ማን ነበር?"

"እሷ ብቻ። ሌሎቹ ኪኒኑን ስለሚውጡ..." አለና ቆመ።

"መዝገብዎ ላይ የለም።"

"ኪኒን አይደለማ" አለ ወጌሻው። ይህን ሲል ግን የራሱን ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ የሌላ ሰው ድምፅ ሰማው።

"የእናትዎን ኪኒን ቆርጠው የክለቡን ከመጀመርዎ በፊት መቁረጫውን ያጥቡታል?"

"እፍ እለዋለሁ።"

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሌሎቹ ሯጮች የሚውጡትን ኪኒን ጎኑ ላይ ትንሽ ብናኝ ቢነካው ነው፤ የእናቱ መድኃኒት ብናኝ ግን ቦዩ ስር ተቀምጦ፣ በየሳምንቱ ከፍርፋሪው ጋር ተራግፎ ብልቃጥ ውስጥ ገብቷል። ኪኒኑን ስላልዋጠች ባቷን ያዛት። ባቷን ስለያዛት ብልቃጡን ጠጣች።

"ጋሼ" አለች ጠጠር ቀስ ብላ፣ "ያ ነጩ ውሃ?"

"ብልቃጡ አለ?" አለ ሐኪሙ።

ከቦርሳው አወጣው። ነጩ ፕላስተር ላይ "ፍርፋሪ" የሚል ቃል፣ ቀኑና የራሱ ስም በጥሩ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል። እንዲያ ተብሎ የተለጠፈ ማስረጃ ጉባኤው ፊት ቀርቦ እንደማያውቅ ከሰብሳቢዋ ፊት ያስታውቃል። ሐኪሙ በጓንት ተቀብሎ ከረጢት ውስጥ አሸገው።

"ይቅርታ" አለ ወጌሻው ሰብሳቢዋን። "በምስክርነት ነበር የገባሁት። አሁን ምንድን ነኝ?"

"ለጊዜው ይቀመጡ" አለችው።

ላቦራቶሪው ብልቃጡ ውስጥ ያንኑ መድኃኒት አገኘ። ውሳኔው የመጣው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ጠጠር ሆን ብላ እንዳልወሰደች ታመነ፤ እገዳው ተነሳላት፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ተጻፈባት። የጎዳናው ውድድር ሁለተኛነቷ ግን ተሰረዘ። የትልቁ ውድድር ምርጫም ታግዳ ሳለች አልፏት ሄዷል። ወጌሻው ሯጭ አፍ የሚገባ ነገር ሳይመዘግብ በመስጠቱ ለሁለት ዓመት ማንኛውንም ሯጭ በሙያው እንዳያገለግል ታገደ። ደብዳቤው ሌላ አንቀጽም ነበረው፤ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ እያወቀ በእሱ ሙያ የተገለገለ ሯጭም ሊቀጣ ይችላል ይላል።

አሰልጣኙ አቀፈው። ምን እንደሚለው ስላላወቀ "እጅህ ግን ጥሩ ነበር" አለው፤ ለሞተ ሰው የሚባል ይመስል ነበር። ወጌሻው ግድግዳው ላይ ያለውን ዝርዝር ለሚተካው ሰው እንዳለ ተወለት። ደስ ይበለው ወይስ ይዘን አልገባውም። ልጅቷን ያሰናከላት እሱ ነው፤ ያዳናትም እሱ ነው። ሁለቱን በአንድ መዝገብ ላይ እንዴት እንደሚያሰፍራቸው ስላላወቀ መዝገብ መጻፍ ተወ።

ወደ ድሮ ሙያው ተመለሰ። አንድ የአጥንት ክሊኒክ ጀሶ አሳሪ ፈልጎ ነበር። ከመሰላል የወደቀ ቀለም ቀቢ፣ ደረጃ ስታ የወደቀች አስተማሪ፤ እነዚህ ሯጭ አይደሉም፣ ይነካሉ። እናቱ አሁን ኪኒናቸውን በቢላ ይቆርጡታል፤ አንዱ ግማሽ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ይሆንባቸዋል፣ "አንድ ቀን በደንብ ይሸናል፣ አንድ ቀን ያርፋል" ይላሉ።

በአራተኛው ወር አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ወጌሻው ጀሶ በጥብጦ ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ አግዳሚው ላይ ጠጠርን አያት። አንገቱን በድጋፍ ካሰረ ሰውና ክንዱን ካንጠለጠለች አሮጊት መሃል ተቀምጣ የተራ ቁጥር ይዛለች።

"እንደ ማንኛውም ሰው ካርድ አውጥቼ ነው የመጣሁት" አለች ሳይጠይቃት። "ባቴን ነው። አዲሱ ወጌሻ ሶስት ሳምንት አሸኝ፣ አልለቀቀኝም። እሁድ ውድድር አለኝ።"

"እኔ አልነካሽም" አለ ወጌሻው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ።

"አውቃለሁ። እጅህን አልፈለግኩም። የት ጋ እንደሆነ ብቻ ንገረኝ።"

ከተቀመጠችበት አኳኋን ብቻ ያውቀዋል። ግን መናገር መንካት ነው? ደብዳቤው "በሙያው" ነው የሚለው። ሙያው እጁ ነው ወይስ አፉ? ሰላም ማለትስ? አግዳሚው ላይ ያሉት በሽተኞች እግር ኳስ እንደሚያይ ሰው ተራ በተራ ሁለቱን ያያሉ።

"ቆይ" አላትና ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ገብቶ ጉባኤው ጋ ስልክ ደወለ። ያነሳው ሰው ጥያቄውን በትዕግስት አዳመጠ። "የት እንደሚያማት መንገር አገልግሎት ነው አይደለም ነው የሚሉት?"

"አዎ።"

"አንዴ ይጠብቁኝ።" ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ተመለሰ። "እዚህም አልተስማማንም። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡልን።"

"መልሱ መቼ ይደርሳል?"

"ሰኞ ጉባኤው ሲቀመጥ ይታያል።"

ውድድሩ እሁድ ነው። ወጌሻው ስልኩን ዘጋ። ወጥቶ ለጠጠር ምንም አላላትም፤ አብሮት የሚሰራውን ባለሙያ ጠርቶ "ይቺን ልጅ አንተ እያት፣ ምንም አልነገርኩህም፣ ምንም አትጠይቀኝ" አለው። ባለሙያው በግራ መጋባት ራሱን ነቀነቀ። ወጌሻው በአንድ ጣሪያ ስር መገኘትም አገልግሎት እንዳይሆንበት ጀሶ የነካ እጁን ሳይታጠብ ወደ ግቢው ወጣ።

የክሊኒኩ መታሻ ክፍል መስኮት ወደ ግቢው ነው፤ ክፍት ነበር። ሊርቅ አስቦ ሁለት እርምጃ ሄደና እዚያው ቆመ። ድምፃቸው ይሰማል።

"እዚህ ጋ ነው?" ይላል ባለሙያው።

"አይደለም።"

"እዚህስ?"

"አይደለም።"

በጣም ወደ ላይ ነው የሄደው፤ ወጌሻው ሳያይ ያውቃል። አራት ጣት ዝቅ ብሎ ትንሽ ወደ ውስጥ፤ ከዚያ አውራ ጣትን አሳርፎ ሳይገፉ መጠበቅ። ሁለት ሰከንድ የሚፈጅ ነገር ነው። ከንፈሩን ነክሶ ግድግዳውን አየ። እጁ ላይ ያለው ጀሶ እየደረቀ ቆዳውን ይስበዋል።

"አራት ጣት ዝቅ በልና ትንሽ ወደ ውስጥ" አለች ጠጠር። "አትግፋ። አውራ ጣትህን አስቀምጠህ ጠብቅ፣ ራሱ ይመጣል።"

ከአፍታ በኋላ ረጅም ትንፋሽ ስታወጣ ተሰማ።

"ይሄን ማን አስተማረሽ?" አለ ባለሙያው።

"ማንም" አለች።

ወጌሻው ግቢው መሃል ቆሞ፣ እሷ አፍ ውስጥ ያለው ቃል የእሷ ይሁን የእሱ ለማወቅ ሞከረ፤ አልቻለም። ለሰኞው ጉባኤ በሚጽፈው ጥያቄ ላይ ይሄንንም ይጨምር እንደሆን እያሰበ፣ የደረቀውን ጀሶ ከጣቶቹ መላጥ ጀመረ።